አሮጌውን ሣጥን የሚቀሰቅሰው ማነው

ኮምፒውተር ሲቆም «አጥፍተህ አብራው» የሚል ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። ጫልቱ ጉዲሳ ግን ከዚያ ወገን አይደለችም። አንድ ማሽን ለምን እንደቆመ ሳታውቅ ሰው ካስነሳባት ትቆጣለች፤ ማሽኑ ራሱ በራሱ ከተነሳማ ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። እንዲህ ባለው ቀን ምሳ እንብላ ብሎ የጠራትን ሰው «ቆይ፣ መጣሁ» ትለውና ሽሮው ቀዝቅዞ እስኪደርቅ ትቀራለች። ባልደረቦቿ ይህን እንደ በሽታ ቆጥረው ትተዋታል።

የምትሠራው ኦሎምፒያ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የቅየሳና የካርታ ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። ሊፍቱ ደስ ባለው ቀን ብቻ ስለሚሠራ በደረጃ መውጣት ለምዳለች፤ የሰርቨሩ ክፍል ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ከትከሻዋ አይጠፋም። ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። «የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?» ሲሏት «አያት አካባቢ» ብላ ታልፋለች። አፍራ አይደለም። የተወለደችበት የገበሬ መንደር ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ስሙን ስትናገር ሰው «የት ነው እሱ?» ይላታል፤ የሌለ ቦታ የት እንደሆነ ማስረዳት ደግሞ ይደክማል።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይቆማል። ሠላሳ ሰው የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ ስለሆነ እሱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ወጣቶቹ ቀያሾች እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንስተው «ጫልቱዬ! ደረቀ!» ብለው ይጮኻሉ። እሷ ሮጣ ሰርቨሩ ክፍል እስክትደርስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ ስትደርስ ማሽኑ ተነስቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራውን ቀጥሏል። ይህ ለጫልቱ ስድብ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙዘሚል ግን ጥፋተኛውን በአንድ እይታ ለይተው ፈረዱ። ከሰርቨሩ ሥር፣ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ የድሮ ካርታዎች የተከማቹበት ግራጫ ሣጥን አለ። ውስጡ ያሉት ዲስኮች ሲነሱ እንደ ቡና ወፍጮ ይጮኻሉ።

«ይሄ ነው የሚያስቸግረን» አሉ አቶ ሙዘሚል በጫማቸው ጫፍ እየጠቆሙ። «ማን ይጠቀምበታል?»

«ማንም ሲጠቀምበት አላየሁም።»

«እንግዲያው የሚቀጥለው ዓርብ ይነቀልና ለቆራሌው ይሰጥ።»

ጫልቱ እሺ አለች፤ በሆዷ ግን አልተዋጠላትም። አይታለች፤ አሥር ጊዜ አይታለች፤ ባየችው ቁጥር ሣጥኑ ከሰርቨሩ ጋር አልተገናኘም። ነገር ግን ያን ሣጥን በመስከረም መጨረሻ እንደ አዲስ ያገናኘችው እሷ ራሷ ናት፤ እንዴት እንዳገናኘችውም ታስታውሳለች። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት፣ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ የማይፈለገውን ዕቃ ሁልጊዜ ተሸክሞ አይዞርም። አንድ ሰው ፎልደሩን በስሙ ሲጠራው ያን ጊዜ ሣጥኑን ቀስቅሶ ያገናኘዋል፤ አሥር ደቂቃ የሚነካው ካጣ መልሶ ያላቅቀዋል። ጓዳ እንደተኛ ባለሱቅ ነው። ስትጠሪው ይወጣል፣ ስትሄጂ ይገባል፤ በመስኮት አጮልቀሽ ብታይ ግን ሱቁ ባዶ ነው። እሷም አሥር ጊዜ በመስኮት ነው ያየችው።

ስለዚህ ማየት ትታ መስማት ጀመረች። የሰርቨሩ እምብርት፣ ከርነል የሚሉት፣ በውስጡ ለሚያልፍ ነገር ሁሉ ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለው። ጫልቱ እዚያው፣ ከርነሉ «ይሄን ፎልደር አምጣልኝ» ተብሎ የሚጠራባት በር ላይ፣ መዝጋቢ አስቀመጠች። መጀመሪያ ስስት ይዟት ሁሉንም በር አስመዘገበችና በግማሽ ሰዓት ውስጥ መቶ ሺህ መስመር ወረደባት፤ ራሷን ሰድባ አንዱን ብቻ አስቀረች። ከዚያ በኋላ ጠሪ በመጣ ቁጥር አንዲት መስመር ትጻፋለች፤ ሰዓቱ፣ የጠራው ፕሮግራም፣ የሰውየው ቁጥርና የተጠራው ፎልደር። የሰው ስም ግን አይጻፍም፤ ከርነል ሰውን የሚያውቀው በቁጥር ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ከሁለት ላይ «ደረቀ!» ሲሉ ጫልቱ ከወንበሯ አልተነሳችም። መስመሯን እያየች ነበር። ሣጥኑ ተቀስቅሶ፣ ዲስኩ እያቃሰተ እስኪነሳ ጠሪው ይጠብቃል፤ ከጠሪው ኋላ ሌላው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። የጠሪው ቁጥር 1007 ነው።

1007 ማን እንደሆነ ፈለገች። ስሙን ስታይ ሹራቧን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አደረገች። ጋሽ ላጲሶ ናቸው። ጋሽ ላጲሶ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀብራቸው ላይ እሷም ቆማለች።

ጋሽ ላጲሶ የድርጅቱ የመጀመሪያ ቀያሽ ነበሩ፤ ድርጅቱ ሁለት ክፍል ቤት ሳለ ሜትር ተሸክመው በምሥራቅ በኩል ያሉትን የገበሬ መንደሮች በእግራቸው የዞሩ ሰው። ሲሞቱ አካውንታቸውን መዝጋት የጫልቱ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልትዘጋው ቁጭ ብላ እጇ እምቢ አላት። ሰውየው ገና አፈሩ ሳይደርቅ ስማቸውን በአንድ ትእዛዝ መፋቅ ነውር መሰላት፤ ቢያንስ አርባቸው ይውጣ አለች። ሌሎችም «አዎ፣ አርባቸው ይውጣ» አሏት። አርባው ወጣ፤ ሥራ መጣ፤ ሙት ዓመቱም ወጣ። ምክንያቱን ሳታገኝ ምሳ የማትበላው ጫልቱ ይህን ጨርሳ ረስታዋለች።

በሟች ስም የሚገባ ሰው አለ ማለት ነው። በሩን ክፍት የተወችለት ደግሞ ራሷ ናት።

ለማንም ሳትናገር መዝጋቢውን እስከ ማክሰኞ ተወችው። ማክሰኞ መስመሮቹን ስትደምር ሰባት ሆኑ። የተጠሩትን ፎልደሮች ስም አንድ በአንድ አነበበች፤ ጨፌ ዲማ፣ ጋራ ቦሩ፣ ቡርቃ ሎሚ… የመንደር ስሞች ናቸው። በየትኛውም ታክሲ ረዳት አፍ የማይጠሩ፣ በየትኛውም ምልክት ሰሌዳ ላይ የሌሉ። አንዳንዶቹን ልጅ ሳለች ከአባቷ አፍ ሰምታቸዋለች። ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተጠሩ ተከትላ ስታይ መንገዱ መዝገብ ቤት አደረሳት። መዝገብ ቤት ያለችው አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ሐሙስ፣ ሩብ ለአራት ሲሆን፣ ጫልቱ የመዝገብ ቤቱን በር አንኳኳች። ሐሙስ አቶ ሙዘሚል መስክ የሚወጡበት ቀን ነው፤ ማክሰኞም እንደዚሁ። ይህ እስካሁን ያልታያት መሆኑ አናደዳት።

እትዬ አሰገደች ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጠዋት በሾላ ገበያ አልፈው ስለሚመጡ ጠረጴዛቸው ሥር ሁልጊዜ ጎመን ወይም ቃሪያ የያዘ ዘንቢል አለ። ፊት ለፊታቸው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ አሰገደች ጫልቱን ሲያዩ እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ» አለች ጫልቱ ቀስ ብላ፣ «ይቀጥሉ። ጠርተውታል፤ አሁን ቢያቋርጡት የባሰ ይቆያል።»

ከውጭ «ጫልቱዬ! ደረቀ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስቱም ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ። ሽማግሌው ኦቦ ጅሬኛ ይባላሉ፤ የጋራ ቦሩ ሰው ናቸው።

«የልጅ ልጆቼ ቤትህ የት ነበር ይሉኛል» አሉ ለጫልቱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ወስጄ ላሳያቸው ሄድኩ። ፎቁ መሐል ዞርኩ፣ ዞርኩ፤ ቤቴ ጠፋኝ። እነሱ ሳቁ። እኔ ግን… ሰው ቤቱ ይጠፋዋል?»

ካርታው መጣ። በእጅ የተሳለ፣ ኋላ በስካነር የገባ፤ ቤቱ ሁሉ በትንሽ አራት ማዕዘን፣ ጉድጓዱ፣ ዋርካው፣ የከብት መንገዱ። ጋሽ ላጲሶ ሁሉንም የለኩት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነስተው ነው፤ ምክንያቱም መንደር ይፈርሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ቦታውን አይለቅም። እትዬ አሰገደች መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት መቶ አርባ ሜትሩን ወደ እርምጃ ቀየሩና በወረቀት ጻፉ።

«ከጊዮርጊስ በር ተነስተው፣ ፊትዎን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገው፣ ሦስት መቶ ሃያ እርምጃ። መኪና ማቆሚያ ላይ ይሆናል። ይቁሙና እዚህ ነበር ይበሏቸው።»

ኦቦ ጅሬኛ ወረቀቱን ሳሙት። ለመነሳት ሲታገሉ ጫልቱ ደገፈቻቸው፤ ከበሩ እስኪወጡ ድረስም አመረቋት። የምርቃቱ ግማሽ በኦሮምኛ ነበርና አባቷን አስታወሳት።

እትዬ አሰገደች እንደተቀመጡ ቀሩ። «አደራ ነው» አሉ። «ሆስፒታል ተኝቶ ፓስወርዱን በጆሮዬ ነገረኝ። ሰው ከመጣ አትመልሺ አለኝ። በደንቡ ጠይቄ ነበር እኮ፤ ከቀበሌያቸው ደብዳቤ ያምጡ ተባልኩ። ቀበሌው ራሱ የለም፤ ከየት ያምጡ? በእኔ አካውንት ደግሞ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ምንም አይከፈትም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው ልጄ። እንግዲህ እንደ ፍጥርጥሩ።»

ጫልቱ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ነገ ዓርብ ነው። ዝም ብትል ሣጥኑ ለቆራሌው ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤቱ መቆሙን ያቆማል፤ የእሷም ጥፋት፣ የእትዬ አሰገደችም ምስጢር አብሮ ይቀበራል። ማንም አይጎዳም፤ ከኦቦ ጅሬኛና ከመሰሎቻቸው በስተቀር። ብትናገር ግን የሟች አካውንት ሁለት ዓመት ክፍት የተወች ባለሙያ ናት፤ ለዚህ ከሥራ የሚያባርር ድርጅት አለ፣ እውነቱን ለመናገርም ቢያባርር አይፈረድበትም። ፈራች። አባቷ የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትጽፍ ዋለች። የሪፖርቱ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ «ለተፈጠረው ችግር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።» ከሥሩ ሰባቱን መስመሮች ከነሰዓታቸው አያያዘች።

ዓርብ ጠዋት አቶ ሙዘሚል ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ደረቅ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«በሟች ስም» አሉ። «ሁለት ዓመት።»

«አዎ። አርባቸው እስኪወጣ ብዬ ነው፤ ከዚያ ረሳሁት። እትዬ አሰገደች በር ክፍት ባያገኙ ባልገቡ ነበር።»

«እሷን ለእኔ ተያት።» ወረቀቱን ገለበጡ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«በአንድ ሳምንት የመጡ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ነው። ፎልደሩ መንደሩ ነው። ማንም አይጠቀምበትም ያልነው ሣጥን ይኸው ነው።»

አቶ ሙዘሚል የመንደሮቹን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ደብዳቤ ያምጡ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀበሌው መፍረሱን አላሰብኩም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ስሚ። ካርታው በሙሉ ወደ አዲስ ማከማቻ ይገልበጥ። ለአሰገደች በራሷ ስም ይከፈትላት፤ ሰው መጥቶ ይጠይቅ፣ በግልጽ። ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ይሄዳል። የላጲሶ አካውንት ግን ካርታው ተገልብጦ እንዳለቀ ይዘጋ። ሰው ከሞተ በኋላ ሥራ እየገባ አይኖርም።»

ጫልቱ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ዋጠችው።

«አትሳቂ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ይጻፍልሻል።»

ተጻፈላትም፤ ማህደሯ ውስጥ ዛሬም አለ።

ግልበጣው ሌሊቱን ሠርቶ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አለቀ። ጫልቱ አካውንቱን ልትዘጋ መዝገብ ቤት ሄደች፤ እትዬ አሰገደች ሳያዩ መዝጋቱ ትክክል አልመሰላትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«በእሱ ስም የመጨረሻዋን አንዴ እንክፈት» አሉ እትዬ አሰገደች። «አንቺስ የየት ነሽ? አያት አካባቢ እንዳትዪኝ።»

«ኤላ ቀርሳ» አለች ጫልቱ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያን ስም ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ራሷ ጻፈችው። ሣጥኑ አቃሰተ፤ ውጭ ያሉት ቀያሾች ጮኹ፤ ካርታው መጣ።

ጋሽ ላጲሶ በካርታው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ የት ውሻ እንዳለ፣ የት ውኃ እንደጠጡ። እትዬ አሰገደች አጎሉት። ከአንዲት አራት ማዕዘን አጠገብ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «የአቶ ጉዲሳ ቤት። እርጎ ሰጡኝ። ትንሿ ልጃቸው የሜትሩን ጫፍ ይዛ እየሮጠች ሦስት ጊዜ አስለካችኝ።»

ጫልቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደባት። ከጋሽ ላጲሶ ጋር ሦስት ዓመት አብራ ሠርታለች። ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥተዋል። «የየት ልጅ ነሽ?» ብለዋት «አያት አካባቢ» ብላቸዋለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ዘርግተው ፊቷን ጠረጉላት። ከዚያ ጫልቱ ካርታውን አተመችና አካውንቱን ዘጋች።

አቶ ጉዲሳ ከሰዓት በኋላ እንደልማዳቸው በረንዳው ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። አራተኛ ፎቅ ከገቡ ወዲህ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አይወርዱም፤ አንድ ጊዜ ለመውረድም ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ጫልቱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ማንበብ አይሆንላቸውም፤ ካርታውን ግን ወዲያው አወቁት። ጣታቸው በከብት መንገዱ ሄዶ ጉድጓዱን ዞሮ ቤቱ ላይ ቆመ። እሷ ጽሑፉን አነበበችላቸው።

«ላጲሶ!» አሉ አቶ ጉዲሳ፣ ፊታቸው በርቶ። «ያ ቀጭኑ! እርጎ ሲወድ! አንቺንማ ሜትሩን አልለቅ ብለሽ ተሸክሞሽ ነበር የለካው። አብራችሁ ነው እንዴ የምትሠሩት? ደህና ነው?»

«ሞተዋል አባዬ። ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።»

አቶ ጉዲሳ ወረቀቱን ቀስ አድርገው አጠፉት። ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ እሳቸው ግን ወደዚያ አላዩም።

«ታዲያ እኛ ለቅሶ አልደረስንማ» አሉ።

«እኔ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ቤታችን መግባታቸውን ግን አላወቅኩም እኮ።»

«ቤታችን በልቶ የሄደ ሰው ነው። ሚስት አለችው?»

«አሉ። ገርጂ ነው ቤታቸው።»

«ኩታዬን አምጪ።»

«አሁን? አባዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው…»

«ሰምቻለሁ። ኩታዬን አምጪ።»

አራቱን ፎቅ በየእረፍቱ እየቆሙ፣ ትከሻዋን ይዘው ወረዱ፤ አንድም ጊዜ አላጉረመረሙም። ገርጂ ደርሰው በሩ ሲከፈት ባለቤትየዋ ጥቁራቸውን ካወለቁ ቆይተዋል፤ ጫልቱን ከመሥሪያ ቤት ያውቋታል፣ ሽማግሌውን ግን ግራ ተጋብተው አዩዋቸው። አቶ ጉዲሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጉዲሳ እባላለሁ፤ የኤላ ቀርሳ ሰው ነኝ» አሉ። «ቤቴን የለካው ላጲሶ ነበር። ሳልሰማ ቀርቼ ነው እመቤቴ፤ አሁን ነው የደረስኩት።»

ሴትየዋ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።